ከርዕስ ውጪ የሆነው ማን ነው?

በቴክኒክ መረዳጃ ግሩፕ ውስጥ በየማለዳው «መልካም ቀን ቤተሰብ» የሚል ጽጌረዳ የሚለጥፍ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ጎጂ ሰው ግን ነው። ይህንን ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከግሩፑ አሽቀንጥሮ የሚጥለው አድሚንም ጀግና አይደለም። እሱም ጎጂ ነው፤ እንደውም አንዳንዴ ከባለ ጽጌረዳው ይብሳል። እኛ ዛሬ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለን። (ሁለቱም ወዳጆቻችን ስለሆኑ ጠቡ በፍቅር ነው። ግን ጠብ ነው።)

የምናወራው ሁላችንም ስለምናውቃቸው የቴሌግራም ግሩፖች ነው። ላፕቶፑ አልነሳ ያለው፣ ስልኩ አርማው ላይ ተገትሮ የቀረበት፣ ዊንዶውሱ ሰማያዊ የለበሰበት፣ የፓይተን ኮዱ መስመር 14 ላይ የሚጮህበት፣ ራውተሩ ቀይ መብራት ብቻ የሚያበራበት ሁሉ «እባካችሁ» ብሎ የሚገባባቸው ቤቶች ናቸው። እስቲ ነገሩን ረጋ ብላችሁ እዩት፣ አይገርምም? ደሞዝ የማይከፈለው፣ ስሙን የማናውቀው፣ ፊቱን አይተነው የማናውቅ ሰው በራሱ ዳታና በራሱ እንቅልፍ የማያውቀውን ሰው ላፕቶፕ ያክማል። በዚህች ከተማ በነጻ የሚገኝ ነገር ስንት ቀርቷል? ይኼ አንዱ ነው። የምንጣላውም ሊበላሽ የሚችል መልካም ነገር ስላለ ነው።

ጥያቄዋ የት ገባ?

ምሳሌ እንውሰድ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ነገ የምታስረክብ ተማሪ ፍላሿን ስትሰካ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ይላታል። ግሩፑ ውስጥ ገብታ ትጠይቃለች። መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚያው አለ። መልሱም አጭር ነው፦ እሺ እንዳትይው፣ ምንም ነገር አትጫኚበት፣ መጀመሪያ የጠፋ ፋይል በሚያወጣ ፕሮግራም ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ዲስክ አውጪ፣ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አለቀ።

ግን ያ ሰው ጥያቄዋን አላየውም። ምክንያቱም ከጥያቄዋ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ውስጥ ስለ አርሰናል 23 መልእክት፣ 4 የሚንከተከቱ ስቲከሮች፣ አንድ «ይህንን ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል ማስፈራሪያ አዘል ጸሎት፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ማስታወቂያ እና ሁለት «ነጻ ሳንቲም» የሚያስገኙ ሊንኮች ገብተዋል። (እ.ኤ.አ. በ2024 የሐምስተር ኮምባት ሰሞን የወረደብንን የሊንክ ዶፍ የማያስታውስ አለ?) ጥያቄዋ ወደ ላይ ወጣ፣ ከስክሪኑ ጠፋ። ልጅቷ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ «እሺ» የሚለውን ተጫነች።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? አርሰናል ነው? ጸሎቱ ነው? አንዳቸውም በየቦታቸው ነውር የለባቸውም። ጥፋቱ የቦታ ነው።

«ኧረ ምን ችግር አለው፣ የማትፈልገውን ማለፍ ነው!» የሚሉን አሉ። እሺ፣ እናስላው። 20,000 አባላት ያሉት ግሩፕ ይሁን። (ቴሌግራም እስከ 200,000 ስለሚፈቅድ ይኼ መካከለኛ ነው።) ግማሹ ብቻ መልእክቱን አየው እንበል፣ ለማለፍም 5 ሰከንድ ወሰደበት። 10,000 ሰው በ5 ሰከንድ 50,000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 14 ሰዓት ገደማ። አንዲት ጽጌረዳ የ14 ሰዓት የሰው ዕድሜ በላች ማለት ነው። በየቀኑ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ግሩፑን ሚዩት ያደርጉታል። መጀመሪያ የሚሄደው ሁልጊዜ ብዙ የሚያውቀው ነው፣ ምክንያቱም እሱ እዚያ የተቀመጠው ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አይደለም። የሚቀረው ጠያቂ ብቻ ነው። ጠያቂ ብቻ ያለበት ቤት ደግሞ ታካሚ ሞልቶ ሐኪም የጠፋበት ክሊኒክ ነው።

የዲቪው ነገር

ይኼ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓለም ከእኛ በፊት ታሟል፣ መድኃኒቱንም ፈልጓል። ዩዝኔት የሚባል ነገር ነበር። ቶም ትራስኮት እና ጂም ኤሊስ የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ጠንስሰውት በ1980 ሥራ የጀመረ፣ ሰዎች በየርዕሱ ተከፋፍለው የሚጠያየቁበት የኮምፒውተር መረብ ነው። እየሰፋ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። እናም በ1987 ቤቱን እንደገና አደራጁት፦ ኮምፒውተር ለብቻው፣ ሳይንስ ለብቻው፣ መዝናኛ ለብቻው፣ ማለቂያ ለሌለው ክርክርም «ቶክ» የሚባል የራሱ ክፍል። ልብ በሉልን! ተከራካሪዎቹን አላባረሯቸውም። ክፍል ሰጧቸው።

ሁለተኛው ትምህርት የመስከረም ነው። በአሜሪካ በየሴፕቴምበሩ አዳዲስ የኮሌጅ ተማሪዎች ዩዝኔት ውስጥ ይገቡና ያገኙትን ሁሉ በየቦታው ይለጥፉ ነበር። ነባሮቹ አንድ ወር ያህል ይታገሷቸዋል፣ ወጉን ያስተምሯቸዋል፣ ከዚያ ሰላም ይሆናል። ከ1993 በኋላ ግን እንደ ኤኦኤል ያሉ ኩባንያዎች በሩን ለደንበኞቻቸው ሲበረግዱት አዲስ ሰው በየቀኑ ሆነ፣ ማስተማሪያ ጊዜም ጠፋ። ነባሮቹ ያንን ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» ብለው ሰየሙት። ለእኛ መስከረም ሲጠባ አበባ ነው፣ ለእነሱ ግን ለቅሶ ሆነባቸው። የእኛ ግሩፖችም ዛሬ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ መስከረም 1።

ሦስተኛውን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። በኤፕሪል 1994 ሎረንስ ካንተር እና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት የአሪዞና ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከ5,000 በላይ በሆኑ የዩዝኔት ግሩፖች ላይ በጅምላ ለጠፉ። ስለ ኮምፒውተር በሚወራበትም፣ ስለ ሳይንስ በሚወራበትም፣ ስለ መዝናኛ በሚወራበትም። ማስታወቂያው ስለ ምን ነበር? ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ! አዎ፣ የእኛው ዲቪ። በኢንተርኔት ታሪክ ስመ ጥር ከሆኑት የጅምላ ማስታወቂያዎች አንዱ እኛ በየዓመቱ በጥቅምት ወር ፎቶ ቤት እንሰለፍለት የነበረው ዲቪ መሆኑን ስናውቅ ዘመድ ያገኘን ያህል ነው የተሰማን።

ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩን እንያዝ። መረጃው ለብዙ ሰው ጠቃሚ ነበር። ሆኖም ጠቃሚነቱ አላዳነውም፤ ዓለም ተቆጣ። ስለዚህ «ግን እኮ የለጠፍኩት ነገር ይጠቅማል!» የሚለው መከራከሪያ ከ30 ዓመት በፊት ተሸንፏል። ጥያቄው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም አይደለም። እዚህ ምን ያደርጋል? ነው።

«ባህላችን ነው»

«እኛ ሰላምታ የምንወድ ሕዝብ ነን፣ ደረቅ የፈረንጅ ሥርዓት አታምጡብን» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እንዲያውም በግሩፕ ውስጥ ትልቁ በሽታችን ከዚህ የተወለደ ነው። ሰውየው ይገባና «ሰላም ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች» ይላል። ይጠብቃል። 6 ሰው ይመልስለታል። «ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?» ይላል። 3 ሰው «ይቻላል ወንድም» ይለዋል። «ስለ ላፕቶፕ ነው» ይላል። እስከዚህ ድረስ 12 መልእክት ተላልፏል፣ ላፕቶፑ ግን ገና ከቦርሳው አልወጣም።

ግን ባህላችን እንዲህ ነው ወይ? እድር የገባ ሰው ይመስክር። የእድር ስብሰባ ሰብሳቢ አለው፣ አጀንዳ አለው፣ ከአጀንዳ ሲወጡ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!» ብሎ እጁን የሚያወጣ አንድ የማይቀር አባት አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚባል አጀንዳ አለ። ይኼ ልዩ ልዩ የሚሉት ነገር ያገራችን ታላቅ ፈጠራ ነው ብንል አላጋነንም። ማንም አይከለከልም፤ ሁሉም ግን ተራው ይነገረዋል። ወሬስ ቢሆን? ወሬ የራሱ ጉባኤ አለው፤ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስት ዙር ሙሉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የሚከራይ ቤት የሚያስተዋውቅ ሰው ግን አይታችኋል? የለም። ስለዚህ ባህላችን ሁሉን በሁሉ ቦታ አይልም። ባህላችን ቦታ ያውቃል። ስልካችን ላይ ስንደርስ ነው የረሳነው። ረስተን ደግሞ በባህል ማሳበብ ባህሉን መስደብ ነው።

አድሚን ሆይ፣ ተራው ያንተ ነው

እስካሁን እያጨበጨብክልን ነበር አይደል? ቆይ።

ሕግ ማስከበርና ሥልጣን ማጣጣም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በግሩፕ አስተዳደር ላይ የሚተረጉም አድሚን ሞልቷል። አዲስ ልጅ ትናንት ገባ፣ ዛሬ «ይህ ላፕቶፕ መርካቶ ስንት ይሸጣል?» ብሎ ጠየቀ። ተሰረዘ። ለምን ተሰረዘብኝ ብሎ ጠየቀ። ተባረረ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው የአድሚኑ ጓደኛ «አሪፍ ላፕቶፕ የሚሸጥ» ብሎ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ለጠፈ። ይኼኛው ፒን ተደረገ! አያችሁ? ሕጉ ርዕስ አልጠበቀም። ሕጉ ዘመድ ጠበቀ።

የዚህም መጨረሻ በሌላው ዓለም ታይቷል። ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2008 በጄፍ አትዉድ እና በጆኤል ስፖልስኪ ተመሠረተ። ጥብቅነቱ በጎ ነገር ነበረው፤ ፕሮግራመር ሁሉ በጉግል በኩል ገብቶ ንጹሕ መልስ የሚያገኘው ወሬ ስላልተፈቀደ ነው። ግን ጥብቅነቱ ቀስ በቀስ ንቀት ተቀላቀለበት፣ ጥያቄውን በአስረኛው ደቂቃ ተዘግቶ ያገኘ ጀማሪ ሁለተኛ አልመለስም አለ። በኤፕሪል 2018 ድርጅቱ ራሱ በአደባባይ ወጥቶ ቤታችን እንግዳ አይቀበልም፣ በተለይ አዲስ ለሆኑ፣ ለሴቶችና ለሌሎች የተገለሉ ወገኖች፣ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ መጣ፣ የአዳዲስ ጥያቄዎች ቁጥርም አሽቆለቆለ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ግን ሰው የሚያመናጭቀውን ሰው ትቶ የማያመናጭቀውን ማሽን ሲመርጥ ልንደነቅ አይገባም።

ሌላም አለ። አድሚኖች ጽጌረዳውን በ3 ሰከንድ ያጠፉታል። አንዲት ልጅ ስለ ኔትወርክ ካርድ ጠይቃ «ፕሮፋይልሽ ያምራል»፣ «ኢንቦክስ ልምጣ?»፣ «ሴት ልጅ ላፕቶፕ ምን ያደርግላታል» የሚል 9 መልስ ሲደረደርባት ግን ማንም አይነካውም። እየሳቁ ያልፉታል። እስቲ ንገሩን፤ ከኔትወርክ ካርድ አንጻር ከዚህ የበለጠ ከርዕስ ውጪ የሆነ ነገር ምን አለ? ጽጌረዳው ጊዜ ነው የሚሰርቀው። ይኼኛው ሰው ይሰርቃል። ልጅቷ ትወጣለች፣ ነገ ልትመልሰው ትችል የነበረውን መቶ ጥያቄ ይዛ ትወጣለች። ከርዕስ መውጣትን በርዕሱ ሳይሆን በጉዳቱ የማይመዝን አድሚን ሚዛን የለውም።

ሲሰረዝ የሚያሳፍር ጥያቄ

ስሙን በማንጠራው አንድ ግሩፕ ውስጥ መቀሌ የሚኖር ልጅ ነበር። የተቆለፈ ባዮስ፣ የሞተ ሃርድ ዲስክ፣ አልከፈት ያለ ፋይል፣ የማያውቀው አልነበረም። ማንንም ሳይሰድብ፣ ዘር ሳይጠይቅ፣ ሌሊት ሌሊት ይመልስ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ተጀመረ። የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልጁም ጠፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ አባል «ስለሱ የሰማ አለ? ደህና ይሆን?» ብሎ ጻፈ። ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት «ከርዕስ ውጪ» የሚል ነበር።

በእርግጥ አድሚኑ የፈራው ነገር አለ። በዚያን ሰሞን አንዲት ቃል እሳት ትጭር ነበር፤ ስለ ራም የሚያወሩ ሰዎች በሦስተኛው መልእክት ስለ ዘር ሲሰዳደቡ አይተናል። ስድቡን መሰረዝ ትክክል ነው፣ ዛሬም እንዲሁ ይሰረዝ እንላለን። ግን «ደህና ይሆን?» ስድብ አይደለም። ለሁለት ዓመት ላፕቶፓችንን ያከመልንን ሰው ደህንነት መጠየቅ ከርዕስ ውጪ ከሆነ ርዕሱ ራሱ ምንድን ነው? ዊንዶውስ ነው? ግሩፑን ግሩፕ ያደረገው ዊንዶውስ ሳይሆን ያ ልጅ እና እሱን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥግ፣ አንድ «ልዩ ልዩ» ቢኖር ኖሮ ሳያጣላ በተጠየቀ ነበር። ክፍል አልነበረም፤ ስለዚህ ምርጫው ዝምታ ወይም ጠብ ብቻ ሆነ።

ተመሳሳይ ነገር በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡ ጊዜም አይተናል። ገደቡ እስከ ሐምሌ ቆየ። ስለ ቪፒኤን የጠየቀ ሰው «ፖለቲካ አታምጣ» ይባል ነበር። በዚያ ሰሞን ከዚህ የበለጠ ቴክኒካዊ ጥያቄ ነበር እንዴ? ሰዎቹ ያንን ተግሣጽ ያነበቡት ራሱ በቪፒኤን ገብተው ነው እኮ! ርዕስ የሚለው ቃል አንዳንዴ የፍርሃት ካባ ነው። ፈርተን ከሆነ ፈራን እንበል፤ በርዕስ አናሳብ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መተቸት ቀላል ነው እንዳትሉን የምንጠይቀውን እነሆ።

አንድ፦ ጎረቤት ክፍል ይከፈት። ቴሌግራም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ አንድን ግሩፕ በርዕስ በርዕስ መከፋፈል ይፈቅዳል። ጥያቄ አንድ ክፍል፣ ሽያጭና የሥራ ማስታወቂያ አንድ ክፍል፣ ወሬ፣ አርሰናልና ጽጌረዳ አንድ ክፍል። ገንዘብ አይጠይቅም። የኡቡንቱ ሰዎች ገና ድሮ በአይአርሲ ዘመን ከዋናው የእርዳታ ቻናል ጎን ስሙ ራሱ ከርዕስ ውጪ የሆነ የጨዋታ ቻናል ነበራቸው። የጥያቄው ቤት በሥርዓቱ ሠራ፣ የጨዋታውም ቤት ደመቀ።

ሁለት፦ ከመሰረዝ በፊት አንዲት መስመር ትቅደም። «ወንድሜ፣ ይኼ ወሬ ክፍል ብትለጥፈው መልስ ታገኛለህ» ማለት 10 ሰከንድ አይፈጅም። በስህተት የገባ ሰው በአንድ መስመር ይማራል። በማስታወቂያ ሊንክ የሚያጥለቀልቅ ቦት ደግሞ መስመር አያስፈልገውም፣ ወዲያው ይውጣ። ማባረር ለሰው የመጨረሻው፣ ለቦት የመጀመሪያው ይሁን።

ሦስት፦ ሕጉ ለአድሚኑም ለአድሚኑ ጓደኛም ይሠራ። እንደውም መጀመሪያ እዚያ ይጀመር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ አድሚን በቀደደው ደግሞ 20,000 ሰው ይገባል።

አራት፦ የሰው ደህንነትና ክብር ከርዕስ ይቅደም። ሴትን ማስጨነቅና ዘር መሳደብ ያለ ምክር ያስባርር። ሰው ጠፋ፣ ሰው ሞተ፣ ሰው ይረዳ የሚል ነገር ሲመጣ ጥያቄው ወደ ጎረቤት ክፍል ይሻገር እንጂ አይሰረዝ።

አምስት፦ ጠያቂም ወግ ይማር። በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ አዲስ ሰው ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብሎ እንዲያነብ ይመክር ነበር። እኛ ሁለት ወር አንልም፣ በዚህ ዘመን ሁለት ቀን ከታገሳችሁ ጻድቅ ናችሁ። ግን ሰላምታችሁንና ጥያቄያችሁን በአንድ መልእክት አድርጉት፦ ዕቃው ምን ዓይነት ነው፣ ምን ብሎ ጻፈ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ነካችሁ፣ እስካሁን ምን ሞከራችሁ፣ የስክሪኑ ፎቶ። «ጥያቄ አለኝ» ጥያቄ አይደለም።

«አሁን እኮ ማሽኑን መጠየቅ ይቻላል፣ ለግሩፕ ማን ይጨነቃል?» ለሚሉን ደግሞ መልስ አለን። ማሽኑ የትኛው ሱቅ የተጠገነ ባትሪ በአዲስ ስም እንደሚሸጥ አያውቅም። ሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያቃጥለውን አዳፕተር አያውቅም። በማግስቱም «ፋይሉ ወጣልሽ? አስረከብሽ?» ብሎ አይጠይቅም። ያ የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ እንዲሠራ ሥርዓት ይፈልጋል፣ እንዲኖርበት ምሕረት ይፈልጋል። አንዱን ብቻ የያዘ ግሩፕ ወይ ገበያ ይሆናል፣ ወይ ፖሊስ ጣቢያ።

እናም አድሚኖች፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሁለተኛውን ክፍል ክፈቱ። ባለ ጽጌረዳዎችም ተሰናዱ፣ ቡናው እዚያ ነው የሚፈላው። እዚህኛው ክፍል ውስጥ ግን ጣቷን «እሺ» ላይ አድርጋ መልስ የምትጠብቅ ልጅ አለች፤ መንገድ ልቀቁላት።